ካሜራው ከመጣ ወዲህ ፎቶ ማንሳት አስጠላኝ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 25 ነው፤ የምኖረው ጎንደር ነው። ከአራት ዓመት በፊት አያቴ በር ላይ ቁጭ ብላ ጥጥ ስትፈትል በስልኬ አነሳኋት። ያየው ሁሉ ወደደው፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ማንሳት ጀመርኩ። አክስቴ ከአሜሪካ ካነን 250ዲ ከነ18-55 ሌንሱ ላከችልኝ። ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ በሰርግ ሥራ እተዳደራለሁ። ዘንድሮ በጥር ብቻ ዘጠኝ ሰርግ ሠራሁ፤ በአንዱ 4,200 ፎቶ አንስቻለሁ። አሁን ግን ካልተከፈለኝ ካሜራውን አልነካውም። ፎቶዎቼ የሌላ ሰው ይመስሉኛል። በገዛሁት ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የቀለም ማስተካከያ) ሳሳምራቸው ፊቱ አመድ ይሆናል። ፍላሹን ከርቀት እንዲያስነሳልኝ የገዛሁት ትሪገርም አይሠራም። ጓደኞቼ «ፉል ፍሬም (ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ ካሜራ) ካልገዛሽ አይለወጥም» ይሉኛል። ድሮ መንገድ ላይ እንደ ልቤ አነሳ ነበር፤ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «ምን ልታደርጊበት ነው?» ካለችኝ ወዲህ እጄ ታስሯል። ሰርጉን ልተው? ካሜራ ልቀይር? ወይስ በቃ አልቆልኛል?

መልስ፦ እህታችን፣ ቀላሉን እናስቀድም። ትሪገርሽ አልተበላሸም። በብዙ ካሜራዎች ላይ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ መሃል ላይ ሰፋ ያለች አንዲት ክብ ነጥብ አለች፤ ፍላሹን የምታስነሳው እሷ ናት። ካነን በ250ዲ፣ በ2000ዲ እና በ4000ዲ ላይ ይህችን ነጥብ አስቀርቷታል። ስለዚህ ባለ አንድ ነጥቡ ርካሽ ትሪገር ባትሪውን አሥር ጊዜ ብትቀይሪለት አያበራም። የሚያስፈልግሽ ለካነን ቲቲኤል ተብሎ የተሠራ፣ ማለትም ከካሜራው ጋር በሌሎቹ ትናንሽ ነጥቦች የሚነጋገር ነው። እሱም ቢሆን ሁሉም ከ250ዲ ጋር ስለማይግባባ ካሜራሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ሱቁ ውስጥ ሰክተሽ ሳያበራ አትክፈዪ።

ካሜራውን አትቀይሪ። ሒሳቡ እንዲህ ነው። የፉል ፍሬም ሴንሰር በስፋት የአንቺን 2.5 እጥፍ ያህላል፤ በጨለማ አዳራሽ የምታተርፊው ከአንድ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው) ትንሽ ከፍ ያለ ነው። የያዝሽው 18-55 ሌንስ ግን 55 ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ በሰፊው ይከፈታል)። ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ ኤፍ 1.8 ሌንስ በዚያው ካሜራ ላይ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፤ ዋጋውም ከአዲስ ካሜራ ጋር አይወዳደርም። ገንዘብ ካወጣሽ እሱ ላይ አውጪው። ያገለገለ ካገኘሽ በስልክሽ ባትሪ ከኋላ በኩል አብሪበት፤ መስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነውና ተዪው። አንድ ነገር ግን እወቂ፦ 250ዲ ላይ 50ው ፉል ፍሬም ላይ እንዳለ 80 ነው የሚሆነው፤ ማለትም አቅርቦ ያሳያል። በጠባብ ቤት ውስጥ ወደ ኋላ የምትሸሺበት ቦታ ስለማይኖርሽ 18-55ቱን አትሽጪው።

አሁን ወደ አያትሽ ፎቶ እንመለስ፤ ለሌላው ጥያቄሽ ሁሉ መልሱ ያለው እዚያ ነው። ያን ቀን ያገዘሽ በሩ ነበር። መስኮት የሌለው ወይም መስኮቱ የተዘጋ ቤት ውስጥ ብርሃን የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ያ ብርሃን የፊቷን አንዱን ጎን ያበራል፣ ሌላውን ያጠላል፤ የግንባሯ መስመርም የእንዝርቱ ክርም የሚታየው በዚህ ነው። ከኋላዋ ያለው ክፍል ጨልሞ ስለቀረ ዓይን የሚሰርቅ ነገር የለም። የስልክ ሌንስ ሰፊ ስለሆነ መቅረብ ነበረብሽ፤ አያትሽ ዝቅ ብላ ስለተቀመጠች ደግሞ አንቺም ዝቅ ሳትዪ አልቀረሽም። እሷ ሥራ ላይ ስለነበረች «ቀና በዪ፣ ፈገግ በዪ» አላልሻትም። ሰርግ አዳራሽ ውስጥ እነዚህ ሁሉ ይጠፋሉ፦ ብርሃኑ ከጣሪያ በየአቅጣጫው ይወርዳል፣ አንቺ ቆመሽ ነው፣ ርቀሻል፣ ሰው ተደርድሮ ካሜራውን ያያል። ፎቶዎችሽ የሌላ ሰው የመሰሉሽ የሌላ ሰው ውሳኔ ስለሆኑ ነው፤ ብርሃኑን የአዳራሹ ባለቤት፣ አቋቋሙን ኢንስታግራም፣ ቀለሙን የፕሪሴቱ ሻጭ ወስነውልሻል። ለአንቺ የቀረልሽ ቁልፉን መጫን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ማንንም ያሰለቻል።

በሩን መልሰሽ ሥሪው። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት፣ ውጪው ግን ክፍት የሆነ በር ምረጪ። የምታነሺውን ሰው ከደፉ ወደ ውስጥ አንድ ሜትር ያህል አስቀምጪ፤ ፊቱ ከፊል ወደ በሩ ዞር ይበል። አንቺ በሩ ላይ አትቁሚ፣ ብርሃኑን የምትጋርጂው ራስሽ ነሽና፤ በጎን በኩል ግድግዳውን ተጠግተሽ ዝቅ በዪ። መደወያውን ኤም (ሁሉንም ራስሽ የምትወስኚበት) ላይ አድርጊ። በ50ው ሌንስ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት መጠን) 400፣ ኤፍ 2.8፣ የሻተር ፍጥነት 1/125 ሴኮንድ ጥሩ መነሻ ነው፤ በ18-55ቱ ከሆነ አይኤስኦውን ወደ 1600 አውጪው። ሰውየው ወደ ውስጥ ሁለት እርምጃ ቢሸሽ ብርሃኑ በግማሽና ከዚያም በታች ስለሚወርድ እንደገና ለኪ። ጥላ ያረፈበት ጉንጭ ከጠቆረብሽ ነጭ ጋቢ በወንበር መደገፊያ ላይ ዘርግተሽ ወደ 50 ሴንቲ ሜትር አቅርቢ፤ ከብዙ የሱቅ ሪፍሌክተር (ብርሃን መመለሻ) የተሻለ ለስላሳ ነው። አምፖሉን አጥፊ። የበሩ ብርሃን ሰማያዊነት፣ የአምፖሉ ደግሞ ብርቱካናማነት ስላለው ሁለቱ አንድ ፊት ላይ ከተገናኙ አንዱን ጉንጭ ስታስተካክዪ ሌላው ይበላሻል። ግድግዳው አረንጓዴ ወይም ውኃ ሰማያዊ ከተቀባ ሰውየውን ራቅ አድርጊው፤ ቀለሙ ጉንጩ ላይ ያርፋል።

የአመዱ ፊት ሁለት ምክንያት አለው፤ አንዱ ስታነሺ፣ ሌላው ስታሳምሪ የሚመጣ ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ሙሽራዋ ሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ሚዜዎቹ ነጠላ አጣፍተው ከቆሙ ፍሬሙ ነጭ በነጭ ነው፤ ካሜራው «በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ነጩ ግራጫ ይሆናል፣ ጠይሙ ፊት ደግሞ ከዚያ በታች ይወርዳል። ያን ፊት ኋላ ላይትሩም (የፎቶ ማሳመሪያ ፕሮግራም) ላይ ጎትተሽ ስታወጪው ከጨለማው ጋር ያለው ቆሻሻ ሁሉ አብሮ ይወጣል፤ የመጀመሪያው አመድ ይህ ነው። መፍትሔው ዋናውን መደወያ ከኤም አውጥተሽ ፒ ወይም ኤቪ ላይ ካደረግሽ በኋላ ኤቪ የሚለውን ቁልፍ ተጭነሽ ይዘሽ ትንሹን መደወያ ወደ +1 ማዞር ነው። ካነሳሽ በኋላ የጥለቱን ክር አጉልተሽ ተመልከቺ። ፈትሉ ከታየ ጥሩ ነው፤ ነጩ ብልጭ ድርግም ካለብሽ ወደ +0.7 መልሺው። ጥቁር ካባ የደረበ ሙሽራ ፍሬሙን ሲሞላው ነገሩ ይገለበጣል፦ ካሜራው ያነጣዋል፣ የወርቅ ጥልፉም ይቃጠላል፤ ወደ −0.7 ውረጂ። ፊት ብቻ በቅርብ ስታነሺም እንዲሁ ነው። ጠይም ሙሽራ ቀይ ዳማ ሆና ከወጣች አልተዋበችም፣ ተሳስተሻል፤ እናቷ አልበሙን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየውም ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው አመድ ከፕሪሴቱ ነው። በገበያ የሚዞሩት አብዛኞቹ ለነጣ ቆዳ የተሠሩ ናቸው፤ ቅላቱን ለማብረድ የብርቱካናማውን ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) ቀንሰው ብርሃኑን ከፍ ያደርጉታል። የእኛ ቆዳ ግን ያለው እዚያው ብርቱካናማና ቀይ ውስጥ ነው፤ እነሱን ስትቀንሺ ደሙን ከፊቱ እያወጣሽ ነው። የቀለም ማደባለቂያውን ክፈቺና ብርቱካናማውንና ቀዩን ወደ ዜሮ መልሺ። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ዋይት ባላንስን (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን) ሁልጊዜ ከሌላው ሁሉ በፊት አስተካክዪ፤ ነገር ግን የመምረጫዋን ጠብታ ነጠላ ላይ አትጫኚ። የእጅ ፈትል ጥጥ ትንሽ ወደ ክሬም ያደላል፤ «ይህ ንጹሕ ነጭ ነው» ብለሽ ከነገርሽው ላይትሩም ሙሉ ፎቶውን ወደ ሰማያዊ ይገፋዋል። የግራጫ ካርድ ግዢ፤ በየቦታው አንድ ጊዜ አንሺው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በራው (ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳያሳምር በሚያስቀምጥበት ፋይል) ካነሳሽ ነው፤ ጄፔግ በየቀለሙ 256 ደረጃ ብቻ ሲኖረው 14 ቢት ራው 16,384 አለው።

ድንኳኑ ግን ሌላ ጣጣ ነው። በሰማያዊ ወይም ቢጫ ሸራ ሥር የተነሳ ፊት በምንም ስላይደር ሙሉ በሙሉ አይድንም፤ ሙሽሮቹን ሸራው ወደሚያልቅበት ዳር አውጪያቸው። አዳራሽ ውስጥ በኤልኢዲ መብራት ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ከመጡብሽ ደግሞ ካሜራው አልተበላሸም፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ መብራቱ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሻተሩን 1/100 ወይም 1/50 አድርጊው። ለእስክስታ ይህ ፍጥነት አይበቃም፤ ትከሻ ለማስቆም ቢያንስ 1/500 ስለሚያስፈልግሽ ጭፈራውን ከተቻለ ውጪ፣ ካልተቻለ በፍላሽ አንሺው።

ወደ 4,200ው እንምጣ። ሰርጉ ስምንት ሰዓት ቢፈጅ በየሰባት ሴኮንዱ አንድ ፎቶ ማለት ነው። በየሰባት ሴኮንዱ የሚወስን ሰው የለም። በማሊ ዋና ከተማ ባማኮ እ.ኤ.አ. በ1948 ስቱዲዮ የከፈተው ሴይዱ ኬይታ ፊልም ውድ ስለነበር ለአንድ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፍሬም ብቻ ነበር የሚያነሳው፤ ብርሃኑም በአብዛኛው የግቢው የቀን ብርሃን ነበር። አንቺ እንደ እሱ ሁኚ አንልም፤ ሙሽራ ዓይኗን ትጨፍናለችና ትርፍ ያስፈልግሻል። ግን ተከታታይ ማንሻውን ዝጊና ወደ ነጠላ መልሺው፤ ለሙሉ ሰርግ 1,200 ወሰን ይኑርሽ።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ምርመራ አድርጊ። ኮምፒውተርሽ ላይ ላይትሩም ክላሲክን ከፍተሽ የዘጠኙን ሰርግ ፎቶ በአንድ ላይ በፎካል ሌንግዝ (ሌንሱ ስንት ሚሊ ሜትር ላይ እንደነበረ) አጣሪ፤ ማጣሪያው ሜታዳታ የሚለው ሥር ነው። ግምታችን አብዛኛው ወይ 18 ላይ ወይ 55 ላይ ተከምሮ ታገኚዋለሽ፤ ማለትም ዙሙን እስከ ጫፍ እየወሰድሽ እግርሽን አሳርፈሻል። ቀጥሎ ከየሰርጉ አምስት አምስት ምረጪ። ለደንበኛው ያማረውን ተዪው፤ አንቺ ባትኖሪ ኖሮ የማይነሳውን ምረጪ። በመጀመሪያው ዙር ያልጠራውንና ዓይን የጨፈነውን ብቻ አውጪ፤ አንድ ቀን አሳድሪው፤ በሁለተኛው ዙር ምረጪ። በተመሳሳይ ቀን ሁለቱንም ካደረግሽ የምትመርጪው ያስደሰተሽን ቀን እንጂ ፎቶውን አይደለም። አርባ አምስቱን በ10 በ15 ሴንቲ ሜትር አሳትሚና ወለል ላይ ዘርጊ። ስክሪን ላይ የማይታየው እዚያ ይታያል፤ ሁሉም ከአንድ ቁመት፣ ከአንድ ርቀት መነሳታቸው። ከአርባ አምስቱ ስድስት ሰባቱ የተለዩ ከሆኑ እነሱን ግድግዳ ላይ ለጥፊ፤ የቀሩትን ሰብስቢ።

ዓቢይ ጾም ሲገባ የኦርቶዶክስ ሰርግ ይቆማል፤ እስከ ፋሲካ 55 ቀን አለሽ። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ሌንሱን 35 ላይ አድርገሽ የዙሙን ቀለበት በፕላስተር እሰሪው። ከሜኑው ኢሜጅ ሪቪውን (ካነሳሽ በኋላ ፎቶውን ስክሪኑ ላይ የሚያሳይሽን) አጥፊ። ምስሉን ራው ሲደመር ጄፔግ አድርገሽ ፒክቸር ስታይሉን ሞኖክሮም ላይ አኑሪው፤ ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ያሳይሻል፣ ራው ፋይሉ ግን ቀለሙን እንደያዘ ይቀራል። ቀለም ሲጠፋ ዓይንሽ ብርሃን መፈለግ ይጀምራል። ከዚያ አንድ በር፣ አንድ ሰው፣ በቀን 36 ፍሬም፣ በሳምንት ሦስት ቀን። አንዱን ቀን ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሌላውን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አድርጊው፤ በሩ ያው ሆኖ ሰውየው ሌላ ይመስላል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ፍሬሞች የምታውቂያቸው ይሆናሉ። ከሃያ በኋላ ስለሚሰለችሽ መንቀሳቀስ ትጀምሪያለሽ፤ ያኔ ተንበርከኪ፣ እጅ ላይ ቅረቢ፣ ደፉ ላይ ተኚ። በሁለተኛው ሳምንት «ምንም የለውም» የምትዪበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀንም 36ቱን ጨርሺ። በነገራችን ላይ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ፀሐይ በቀትር ከጎንደር አናት በላይ ትሆናለች፤ የሰው ዓይን ጉድጓዱ ውስጥ ይጠፋል። ከፋሲካ በኋላ ለሚመጡት ሰርጎች የሜዳውን ፎቶ ጠዋት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ እንዲያደርጉት ቀብድ ስትቀበዪ ንገሪያቸው።

ሰርጉን አትተዪ። የቤት ኪራይ የሚከፍለው እሱ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ግን አንቺ ሴት ነሽ። እንሶስላ በሚታሰርበት ሌሊት ወንዱ ፎቶ አንሺ ውጪ ሲጠብቅ አንቺ ውስጥ ነሽ፤ ሹሩባው ሲሠራ፣ እናት ጥግ ይዛ ዓይኗን ስትጠርግ። አብዛኛው ባለሙያ ሙሽራዋን ተኳኩላ ስትወጣ ነው የሚያገኛት። ከሚቀጥለው ሰርግ ጀምሮ ያን ምሽት ከፕሮግራሙ ውጪ ጠይቂ፤ ያለ ፍላሽ፣ በአንድ መብራት፣ አርባ ፍሬም ብቻ። ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ መፍቀዳቸውን ሳታረጋግጪና ለሙሽራዋ ሳታሳዪ አንዷንም አትልቀቂ።

ሽንኩርት ሻጯ የጠየቀችሽ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እጅሽ የታሰረው መልስ ስላልነበረሽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ በአደባባይ ለሚደረጉ ሥነ ሥርዓቶችና የሕዝብ ጥቅም ላላቸው ነገሮች በር ይከፍታል። ስለዚህ የጥምቀትን ሰልፍ ማንሳት አንድ ነገር ነው፤ ፀበል ተረጭቶባት ልብሷ የተጣበቀባትን ሴት አጉልቶ መለጠፍ ሌላ ነው፤ ሁለተኛውን አታድርጊ። ሕፃን ከሆነ ወላጁን ጠይቂ። ኬላና የታጠቀ ሰው ባለበት ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።

ለሻጯ የምትሰጪው መልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን፤ እውነትም ይሁን፦ «የገበያውን ሰው ሥራ ላይ እያነሳሁ ነው፤ አትሜ አመጣልሻለሁ፤ ካልፈለግሽ አልለጥፈውም።» ከዚያ አትሚና አምጪ። አብዛኛው ሰው የሚቆጣው በመነሳቱ አይደለም፤ ተነስቶ የት እንደገባ ባለማወቁ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሄጂ ካሜራውን ቤት ተዪው፤ ሽንኩርት ግዢና ተመለሺ። በሁለተኛው ካሜራው ትከሻሽ ላይ ይታይ። በሦስተኛው «እቱ፣ ሥራሽን ሳላስፈታሽ ላንሳሽ?» በያት። እምቢ ካለች አመስግነሽ እለፊ፤ ጎኗ ያለችው ጎረቤቷ «እኔን አንሺኝ» ማለቷ አይቀርም።

የመጨረሻው ነገር አስቸኳይ ነው። የአያትሽ ፎቶ ዋናው ፋይል አሁንም በዚያ ስልክ ላይ ብቻ ካለ ዛሬውኑ በገመድ ኮምፒውተር ላይ ገልብጪው፤ አንድ ቅጂ በውጪ ሃርድ ዲስክ፣ አንድ ሌላ ቤት ይቀመጥ። ለአክስትሽም በቴሌግራም ስትልኪላት እንደ ፎቶ ሳይሆን «ፋይል» የሚለውን መርጠሽ ላኪ፤ እንደ ፎቶ ከላክሽው ያሳንሰዋል። ስልኩ ከጠፋ ወይም ፎቶው የቀረሽ ፌስቡክ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ያለውን አውርጂና 10 በ15 አሳትሚው፤ ለዚያ መጠን ረጅም ጎኑ 1,800 ፒክስል ከሆነ በደንብ ይበቃል።